ሰባ አንድ በመቶ ላይ የቆመው ሪቢልድ

ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያለው የፎቶ ቤት ባለቤት ነው። «ወሪያ፣ ያ ሳጥንህ ታሟል» አለኝ። ሳጥንህ የሚለው ከአራት ዓመት በፊት የገጠምኩለትን ሰርቨር፣ የቤቱ ፎቶና ቪዲዮ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር ነው። ደህና ሲሠራ የሱ ነው፣ ሲያስቸግር የኔ ይሆናል። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ድሬ ላይ ግን አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፣ እሱም አንተ ይለኛል፣ እኔም አንተ እለዋለሁ።

ወሩ ግንቦት ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ሰርግ በሰርግ ላይ ነው፣ እሁድ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት። ኤዲተሯ አንድ ቪዲዮ ለመክፈት ሁለት ደቂቃ ትጠብቃለች። እሷ ትጠብቃለች፣ ሙሽሮችም ይጠብቃሉ፣ ባለቤቱ ግን አይጠብቅም። «ዛሬ ይጠገን፣ ቅዳሜ ሥራ አለን» አለኝ ገና ከበሩ ሳልገባ።

ሳጥኑ ተራ ኮምፒውተር ነው። ሊኑክስ ተጭኖበታል፤ ውስጡ አራት ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አለ፣ አራቱም በሬይድ 5 ተጣምረዋል፤ ዲስኮቹን እንደ አንድ የሚያሠራ፣ አንዱ ቢሞት ዳታው እንዳይጠፋ የሚያደርግ ዘዴ ነው። የተለየ የሬይድ ካርድ የለውም፣ ሥራውን ራሱ ሊኑክስ ይሠራዋል። አራት ጊዜ አራት 16 ቢሆንም የሚያገለግለው 12 ቴራ ነው፣ የአንዱ ዲስክ ያህል ቦታ ለፓሪቲ ይሄዳል። ፓሪቲ ምንድነው ለሚል፣ የዕቁብ መዝገብ አስቡ። ሦስት ሰው የጣለው ብር ተጽፏል፣ ከታች ድምሩ አለ። የአንዱ መስመር ውሃ ነክቶት ቢጠፋ ከድምሩ ላይ የሁለቱን ትቀንስና ታገኘዋለህ። ሁለት መስመር ከጠፋ ግን ድምሩ ብቻውን ምንም አያደርግልህም። ሬይድ 5 ይኸው ነው፣ ድምሩ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ እንዳይቀመጥ በየመስመሩ ከዲስክ ዲስክ ይዞራል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ሳጥኑ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዚህ ታሪክ ግማሹ እዚያ ነው ያለው። ሰውየው በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ የፊልም ነጋቲቭ የሞላባቸው ካርቶኖች በውሃ ሄደውበታል። የሃያ ዓመት ሥራ። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሰርቨሩን ስገጥምለት ጠረጴዛ ሥር ላድርገው ስለው ሳቀብኝ፣ ራሱ መሰላል አምጥቶ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሁለት ክንድ ዝቅ ብሎ አስቀመጠው። ኮርኒስ የለውም። ግንቦት ላይ ድሬ 35 ዲግሪ መንካቷ ብርቅ አይደለም፣ ከቆርቆሮ ሥር ደግሞ ስንት እንደሚሆን ድሬ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ውሃ እንዳይደርስበት ተብሎ እሳት ሥር ገባ ማለት ነው። እኔም ያኔ ዝም አልኩ።

መሰላሉን ወጣሁ። አየር ማስገቢያው በአቧራ ተደፍኖ ቡናማ ጨርቅ የለበሰ ይመስላል። ጆሮዬን ሳስጠጋ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና ቀጭ ቀጭ። ሃርድ ዲስክ እንዲህ ካለ የማንበቢያ ራሱ ቦታውን ማግኘት አቅቶታል ማለት ነው። የሬይዱን ሁኔታ ስጠይቀው 4/3 ብሎ መለሰልኝ። ከአራቱ ሦስቱ አሉ፣ ሦስተኛው ቦታ ላይ ሰረዝ ነው። ሎጉን፣ ሳጥኑ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ወደ ኋላ ስሄድበት ደግሞ ሦስተኛው ዲስክ የወጣው ከ19 ቀን በፊት ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ፎቶ ቤቱ ያለ መጠባበቂያ በሦስት እግር ሲሄድ ከርሟል፣ ማንም አላወቀም።

ለምን አልታወቀም? ማስጠንቀቂያ አለው። ዲስክ ሲወድቅ ኢሜይል ይልካል። ኢሜይሉ የሚሄደው ግን እዚያው ሳጥን ውስጥ ላለው የአስተዳዳሪው ፖስታ ሳጥን ነው። ለራሱ ደብዳቤ ጽፎ ራሱ ጋ ያስቀምጣል። ይሄ የኔ ጥፋት ነው፣ ስገጥመው «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብዬ የተውኩት ነው፣ በኋላው አራት ዓመት ሆነ።

የቀሩትን ሦስቱን በስማርት አየኋቸው። ስማርት ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘው መዝገብ ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ደህና ናቸው። አራተኛው 29 ሺህ ሰዓት ገደማ ሠርቷል፣ ሙቀቱ 54 ዲግሪ ነው፣ «በመጠባበቅ ላይ ያሉ ሴክተሮች» የሚለው የመዝገቡ ተራ ቁጥር 197 ላይ ደግሞ 8 ይላል። ሴክተር ዲስኩ ዳታ የሚጽፍበት ትንሿ ቁራጭ ናት። ማለትም ማንበብ ያቃተው፣ ግን ገና ያልተካው ቦታ አለ። በእነዚህ ዲስኮች ስምንት ሎጂካል ሴክተር አንድ ላይ ሆኖ አንዱን የ4096 ባይት ፊዚካል ሴክተር ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ 8 ማለት አንድ ቦታ ማለት ነው። ከ4 ቴራ ውስጥ አንዲት ነጥብ። አየኋት፣ «ምን አለባት» ብዬ አለፍኳት።

ስህተቱን የሠራሁት እዚህ ጋ ነው፣ ቆይቶ አይደለም።

ዲስኩ ጤነኛ ሬይድ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያቺ ነጥብ ምንም አልነበረችም። ከሌሎቹ ተሰልታ እንደገና ትጻፍ ነበር፣ ዲስኩም ያንን ቦታ በሌላ ተክቶ ያልፍ ነበር። አንድ ዲስክ ሲጎድል ግን የሚሰላበት ነገር የለም። ሪቢልድ ደግሞ የጎደለውን ዲስክ ከቀሩት አስልቶ አዲስ ዲስክ ላይ መልሶ መጻፍ ነው፤ ለዚህም የቀሩትን ሦስቱን ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት፣ ያቺን ነጥብ ጨምሮ፣ ባዶ ቦታውንም ጨምሮ፣ ምክንያቱም ሬይዱ የቱ ፋይል የቱ ባዶ እንደሆነ አያውቅም። 12 ቴራ ንባብ። ርካሽ ዲስኮች መግለጫ ላይ የሚጻፈው በ10 ኃይል 14 ቢት ንባብ ቢበዛ አንድ የማይነበብ ስህተት ነው። ይሄ ወደ ባይት ሲመጣ 12.5 ቴራ ገደማ ነው። በተግባር አብዛኛው ዲስክ ከወረቀቱ ይሻላል፣ እኔም ብዙ ሪቢልድ ያለ ችግር ሲያልቅ አይቻለሁ። ግን እኔ እኮ በወረቀት ዕድል ላይ አይደለም የነበርኩት፤ ስህተቱ ተቆጥሮ ፊት ለፊቴ ተጽፎ ነበር። መጀመሪያ ዳታውን አውጥቼ ቢሆን ኖሮ ዲስኩ በመሐል ቢሞት እንኳ ከፋይል ፋይል የወጣው ወጥቷል።

ያልሠራሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ፦ 6.8 ቴራ ዳታ የማስቀምጥበት ባዶ ዲስክ በእጄ አልነበረም፣ ሰውየውም ቆሞ ያየኛል። ሪቢልድ ደግሞ ቀላል ነው፣ ዲስክ ትሰካለህ፣ አንድ ኮማንድ ትጽፋለህ፣ በመቶኛ እየቆጠረ ይሄዳል፣ ሥራ የተሠራ ይመስላል።

በባጃጅ ታይዋን ገበያ ወረድኩ። ባለ 4 ቴራ አንድ ብቻ አገኘሁ። አዲስ፣ የታሸገ፣ ዋጋውም ደህና። መለያ ቁጥሩን ስልኬ ላይ ሳላይ ገዛሁት፣ ይሄ ሁለተኛው ስህተት ነው። ዲስኩ ኤስኤምአር ነበር። በዚህ ዓይነት ዲስክ ላይ የሚጻፉት መስመሮች እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጠርዝ ለጠርዝ ተደራርበው ነው የሚቀመጡት። ብዙ ይይዛል፣ ርካሽ ነው። ግን ከመሐል አንዱን ቆርቆሮ ልቀይር ካልክ ከላዩ የተደራረቡትን ሁሉ ማንሳት አለብህ። ከዳር ዳር በተርታ ስትጽፍበት ብዙም አይከፋም፤ እዚህም እዚያም ስትጽፍበት ግን ያንቃል። በ2020 እ.ኤ.አ. አምራቾች ይህን ሳይናገሩ ለሬይድ በሚሸጡ ዲስኮች ውስጥ ጭምር አስገብተውት ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሥቶ ነበር። ታሪኩን አውቀዋለሁ፣ ለሌላ ሰው አስተምሬበታለሁ፣ እኔ ግን ካርቶኑ ላይ ያለውን 4 ብቻ አየሁ።

10 ሰዓት ላይ ሪቢልዱ ጀመረ። በሰከንድ 115 ሜጋባይት። አሥር ሰዓት ያህል ይፈጃል ይላል። ሰውየው «አበቃ?» አለኝ። «ነገ ጠዋት ያልቃል» አልኩት፣ ማታ ፉል በልቼ ተኛሁ። ያላየሁት ነገር፣ ኤዲተሯ ወደ ቤት ከመሄዷ በፊት የሁለት ሰርግ ኤክስፖርት፣ ያለቀውን ቪዲዮ ፋይል አድርጎ ማውጣት፣ እዚያው ሬይድ ላይ አስጀምራ ሄዳለች። እሷ ምን አጠፋች፣ ማንም አትንኪው አላላትም። ያ ኤክስፖርት የሚጽፈው እዚህም እዚያም ነው። ጠዋት ስመጣ ፍጥነቱ ወደ 20ዎቹ ወርዷል፣ 38 በመቶ ላይ ነው። ሁለት ሌሊት ተኩል የሚፈጅ ሥራ ሆኗል፣ አራተኛው ዲስክ ደግሞ ያንን ሁሉ ጊዜ በ54 ዲግሪ ሲታረስ።

ዓርብ ቀን መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲሄድ ሳጥኑን ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው ባትሪ፣ ሲጮህ ደረስኩ፣ በሥርዓቱ አጠፋሁት፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲመጣ ሪቢልዱ ካቆመበት ቀጠለ። ይሄኛው በደንብ የሚሠራ ነገር ነው፣ የት እንደደረሰ ዲስኮቹ ላይ ይጽፋል፣ ከዜሮ አይጀምርም። ድንገት ቢጠፋ ኖሮ ግን ሌላ ጣጣ ነበር፤ ዲስክ የጎደለው ሬይድ ጽሑፍ ላይ እያለ ከተቋረጠ ሊኑክስ በግድ ካልተባለ አያስነሣውም፣ ልክም ነው።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በሩን ከፍቼ ስገባ ማያው ላይ 4/2 ይላል።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ 71 በመቶ ላይ፣ አራተኛው ዲስክ ያቺ ነጥብ ጋ ደረሰ። ወይም አጠገቧ። እዚህ ጋ የሆነው ነገር ከነጥቧ በላይ ነው፣ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይሄንን ነው። ተራ የዴስክቶፕ ዲስክ ማንበብ ያቃተው ቦታ ላይ ሲደርስ ተስፋ አይቆርጥም። ደጋግሞ ይሞክራል፣ አንዳንዱ ከደቂቃ በላይ፣ ያን ጊዜ ሁሉ ለማንም አይመልስም። ሊኑክስ ደግሞ ነባር ትዕግሥቱ 30 ሰከንድ ነው። 30 ሰከንድ መልስ ካጣ ዲስኩን ሪሴት ያደርገዋል፣ ያልተነሣ እንደሆነ ይደግመዋል፣ በመጨረሻ «ይሄ የለም» ብሎ ከሥርዓቱ ያስወጣዋል። ሎጉ ላይ በትክክል ይሄው ነው የተጻፈው፤ አምስት ጊዜ ሪሴት፣ ከዚያ ስንብት። ለሬይድ ተብለው የሚሠሩ ዲስኮች ከ7 ሰከንድ በኋላ «አልቻልኩም» ብለው እንዲመልሱ ተደርገው ይመጣሉ፣ ሬይዱም የራሱን መፍትሔ ይፈልጋል። የኛዎቹ ያ የላቸውም። የላቸውም ከተባለ ደግሞ የሊኑክስን ትዕግሥት ከ30 ወደ 180 ሰከንድ ማሳደግ ነበር፣ አንድ መስመር ጽሑፍ ናት። አልጻፍኳትም።

ሰውየው መጣ። ፊቴን አይቶ ገባው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ጎርፉ መጣ በለኛ» አለ፣ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም። ከዚያ ዝምታ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ነገር ሳጥኑን ማጥፋት ነበር። ቀላል ይመስላል፣ ግን እጅ አያርፍም። የእህቱ ልጅ ኮምፒውተር ይነካካል፣ ስልኩ ላይ አንድ ምክር አግኝቶ መጣ፦ ሬይዱን እንደ አዲስ ፍጠረው፣ ዳታው ይመለሳል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ የዲስኮቹን ቅደም ተከተል፣ የቁራጩን መጠን፣ ዳታው ከስንተኛው ሴክተር እንደሚጀምር ሁሉንም በትክክል ካወቅህ። ያ የመጀመሪያ ቦታ ደግሞ በሬይድ ፕሮግራሙ አዲስና አሮጌ ቅጂ መካከል ይለያያል። አንዱን ከሳትክ የነበረው መረጃ ላይ አዲስ ትጽፍበታለህ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይረዳህም። «አቦ ተው፣ ቡና አፍላልን» አልኩት። አፈላልንም፣ ጥሩ ልጅ ነው።

ዕቅዱ አጭር ነበር። የታመመውን አራተኛ ዲስክ በጤነኛ ዲስክ ላይ የቻልኩትን ያህል ገልብጬ፣ ግልባጩን ከአንደኛውና ከሁለተኛው ጋር ማስነሣት፣ ከዚያ ምንም ሳልጽፍ ዳታውን ማውጣት። ሪቢልድ የሚባል ነገር የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ ዲስክ ያስፈልጋል። መስመሮቹ የማይደራረቡ፣ መለያ ቁጥራቸውን በስልክ አንድ በአንድ ያስነበብኩባቸው ሁለት ባለ 4 ቴራ አዲስ አበባ ተገኙ፣ በእሁዱ አውቶቡስ እንዲመጡ ተደረገ። 8 ቴራ የሚይዝ ውጫዊ ዲስክ ደግሞ ሐረር አንድ ወዳጄ ጋ አለ። ቅዳሜውኑ በሚኒባስ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቼ ሐረር ገባሁ፣ ዲስኩን በሻርፕ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ተመለስኩ። እግረ መንገዴን የሐረር ንፋስ ሲመታኝ ትዝ ያለኝ ያ ቆርቆሮ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሥራው በኔ ቤት ተጀመረ። አራተኛውን ዲስክ ከሳጥኑ አውጥቼ ሴራሚኩ ላይ አስቀመጥኩት፣ የጠረጴዛ ማራገቢያ ፊቱ አቆምኩ። 41 ዲግሪ። የሊኑክሱን ትዕግሥት 180 አደረግሁት፣ አሁን ነው የጻፍኳት። ግልበጣውን የሠራሁት በዲዲሬስኪው ነው፣ ከታመመ ዲስክ ዳታ የሚገለብጥ ፕሮግራም ነው። ጥሩነቱ ጠባዩ ላይ ነው፤ መጥፎ ቦታ ሲያገኝ እዚያ አይጨቃጨቅም፣ ምልክት አድርጎ ይዘልላል፣ መጀመሪያ ጤነኛውን ሁሉ ይሰበስባል፣ ከዚያ ተመልሶ የዘለለውን ከዳርና ከዳር ይልሳል። የት እንደደረሰ የሚመዘግብበት ፋይል አለው፣ መብራት ቢሄድም ካለበት ይቀጥላል። ያለዚያ ፋይል እንዳታስጀምሩት።

11 ሰዓት ያህል ፈጀ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ጤነኛው ሁሉ ወጥቷል። የቀረው ጥቂት ነው፣ እሱን ሌሊቱን ሲታገል አደረ። ማክሰኞ ጠዋት ያልወጣው 24 ቦታ ነው፣ እያንዳንዱ 4096 ባይት፣ በጠቅላላው 96 ኪሎባይት። ከአራት ቴራ 96 ኪሎባይት። ደስ አለኝ፣ ግን ሐሙስ ዕለት አንድ የነበረች ነጥብ እኮ ናት በአምስት ቀን 24 የሆነችው።

ማስነሣቱ ላይ አንድ ነገር ማየት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ዲስክ ላይ ስንት ለውጥ እንዳየ የሚናገር ቁጥር አለ። አንደኛውና ሁለተኛው እኩል ናቸው። የአራተኛው በ12 ያንሳል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሲባረር ሌሎቹ ትንሽ ቀጥለው ነበርና። የሞተው ሦስተኛ የወጣበትን ቀን ቁጥር ይዞ ነው የቀረው፤ እሱ ቢነሣ እንኳ አልፈልገውም፣ በአሮጌና በአዲስ ዳታ ድምር ሠርተህ የምታገኘው ገለባ ነው። በ12 ልዩነት ግን በግድ ማስነሣት ይቻላል። እሱንም ቢሆን በቀጥታ አላደረግሁትም። ከእያንዳንዱ ዲስክ ፊት አንድ ጊዜያዊ ፋይል አስቀመጥኩ፣ የሚጻፍ ነገር ካለ እዚያ ላይ ያርፋል፣ ዲስኮቹ አይነኩም። ብትሳሳት ጊዜያዊውን ጥለህ እንደገና ትጀምራለህ። ይሄን ዘዴ የሚዘልሉት ሰዎች ወይ በጣም ጎበዝ ናቸው ወይ ገና አልደረሰባቸውም።

ተነሣ። ለንባብ ብቻ ከፈትኩት። የፎልደሮቹ ስም በተርታ ሲወርድ ሰውየው ከጀርባዬ ቆሞ «ይቺ የሳቢያኗ ናት፣ ይቺ የገንደቆሬ» እያለ ሰርጎቹን በየሰፈራቸው ይጠራል። 6.8 ቴራውን ወደ ሐረሩ ዲስክ መቅዳት 17 ሰዓት ፈጀ።

ከዚያ የትኛው ፋይል ተጎድቷል የሚለው መጣ። ዲዲሬስኪው አንድ ብልሃት አለው፣ ያልወጡትን ቦታዎች በምትሰጠው ቃል ይሞላቸዋል። ከመቅዳቴ በፊት በምልክት ሞልቼው ነበር፤ ስለዚህ በፋይሎቹ ውስጥ ያንን ቃል መፈለግ ብቻ ነው። ሁለት ፋይል ተገኘ። ደስ ብሎኝ ልደውል ስል አንድ ነገር ጎረበጠኝ። 24 ቦታ፣ ሁለት ፋይል ብቻ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የዕቁቡን መዝገብ መልሱት። ሦስተኛው መስመር የለም፣ በስሌት ነው የሚገኘው። አራተኛው ላይ ያለ ቁጥር ከተበላሸ ራሱ ብቻ አይደለም የሚበላሸው፣ በሱ ተሰልቶ የሚገኘው ሦስተኛውም አብሮ ይበላሻል። የተሰላው ደግሞ ምልክቴን አይዝም፣ ምልክቴ ከሌላው ጋር ተደምሮ የማይነበብ ቁጥር ሆኗል። ስለዚህ ፍለጋው ግማሹን ብቻ ነው ያየው። መፍትሔው ግን አስቸጋሪ አልነበረም፤ ያልወጡትን ቦታዎች በዜሮ ሞልቼ ሬይዱን እንደገና አስነሣሁ፣ የእያንዳንዱን ፋይል አሻራ፣ ከይዘቱ ተሰልቶ የሚገኝ አጭር ቁጥር፣ አወጣሁ፣ በምልክት ተሞልቶ ከተቀዳው ጋር አመሳከርኩ። የሁለቱ አሻራ የተለያየ ፋይል በሙሉ በመጥፎው ቦታ የተነካ ነው፣ በቀጥታም ይሁን በስሌት። አንድ ሌሊት ፈጀ፣ አምስት ፋይል ወጣ። ሁለቱ ድሮ ለባለቤቶቹ የተሰጡ ቪዲዮዎች፣ አንዱ ፕሮግራሙ ራሱ መልሶ የሚሠራው ጊዜያዊ ፋይል፣ አንዱ ከግማሹ ወደ ታች ግራጫ የሆነ ፎቶ። አምስተኛው ገና ያልተሰጠ የመልስ ቪዲዮ ነበር።

ሪቢልዱን ሐሙስ ማታ እንደገና አስጀመርኩት። አሁን ዳታው ሌላ ቦታ አለ፣ ቢወድቅ ይውደቅ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ የአራተኛው ግልባጭና አንድ አዲስ ዲስክ። ፎቶ ቤቱ ዝግ፣ ኔትወርኩ የተነቀለ፣ ማራገቢያው ፊት ለፊት። 9 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ከዚያ ሙሉ ፍተሻ አስኬድኩ፣ የማይገጥም መስመር ዜሮ።

ፍተሻ ስል ሌላ ጉድ ወጣ። ዴቢያን፣ ሳጥኑ ላይ የተጫነው የሊኑክስ ዓይነት፣ ይህንን ፍተሻ በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ ሌሊት ራሱ ያስኬዳል። ያቺን ነጥብ ከወራት በፊት አግኝቶ ሊያስተካክላት ይችል ነበር። ግን ዘበኛው ለመብራት ቆጣቢ ነው፣ ቅዳሜ ማታ ሁሉንም ነገር ከማብሪያ ማጥፊያው ያጠፋል፣ ሰኞ ጠዋት ያበራል። በአራት ዓመት ውስጥ ፍተሻው አንድ ጊዜ እንኳ አልሄደም። ወደ ረቡዕ ሌሊት አዞርኩት፣ ለዘበኛውም ነገርኩት፣ እሱ ግን አሁንም ቅዳሜ ያጠፋዋል።

ማስጠንቀቂያው አሁን ወደ ቴሌግራም ይመጣል፣ ለኔም ለሰውየውም ለኤዲተሯም። ይሠራ እንደሆነ አንዱን ዲስክ ሆን ብዬ አስወጥቼ አየሁት፤ ሦስታችንም ስልካችን ጮኸ፣ ሰውየው ደንግጦ ከሻይ ቤት እየሮጠ መጣ፣ ነግሬው ሳልጨርስ ነበር ያደረግሁት፣ ሰደበኝ። የሐረሩን ዲስክ ዓይነት ሌላ ገዝቷል፣ በየሳምንቱ ተቀድቶ ሳቢያን ቤቱ ይገባል። ኤስኤምአሩን አልጣልነውም፤ ተጽፎ ለሚቀመጥ አሮጌ ሰርግ ጥሩ ነው፣ ተሰይሞ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ቦታው ላይ ግን ተከራከርን። ወለል ላይ እሺ አላለም፣ እኔም ያንን ጎርፍ አይቻለሁና አልገፋሁትም። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ በወገብ ቁመት ብረት ተበየደለት። ሙቀቱ አሁን 43 ነው።

የመልሱን ቪዲዮ አብረን አየነው። የሙሽራዋ እናት ወጡን በእንጀራ ጠቅልላ ለአማቿ ልታጎርስ እጇን ስትዘረጋ፣ ጣቶቿ አፉ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ምስሉ አረንጓዴ ካሬ ካሬ ይሆናል፣ ግማሽ ሰከንድ ያህል፣ ከዚያ ሙሽራው ጉንጩ ተነፍቶ እያኘከ ይታያል። ኤዲተሯ ሁለተኛ ካሜራ ነበር ብላ ፈለገች። ነበር፣ ግን የዚያን ሰዓት ካሜራው የሚያየው ከጥግ ተቀምጠው የሚያጨበጭቡትን አክስቶች ነው። አክስቶቹን አስገባችበት። ሰውየው ደጋግሞ አየው፣ አራት ጊዜ ይሆናል። «እንዲያውም ይሻላል» አለ፣ «ጉርሻው ትልቅ ነበር፣ ልጁን ሊያንቀው ነበር።»